በማይክሮፎን ፊት ሁለት ደቂቃ፦ የሲያትል ምክር ቤት ውሳኔ የሚያልቀው የት ነው?

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት፣ አሜሪካኖቹ 2 ሰዓት በሚሉት ጊዜ፣ የሲያትል ከተማ ምክር ቤት አራተኛ ጎዳና ላይ ባለው ሲቲ ሆል ሁለተኛ ፎቅ ይሰበሰባል። የእኛ ሰው አንድ ነገር ሲያንገበግበው የሚሄደው ወደዚህ አዳራሽ ነው። ታክሲ ነጂው ፈረቃውን ትቶ፣ ባለ ሱቁ በሩን ዘግቶ፣ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ተራቸው ሲደርስ ሁለት ደቂቃ ይናገራሉ። አባላቱ ያመሰግናሉ፤ ከዚያም ሁሉም አስቀድሞ ባሰበው መንገድ ድምፁን ይሰጣል። ከአዳራሹ ሲወጡ የሚሰማው ቃል «አልሰሙንም» ነው።

ሰምተዋቸዋል። ችግሩ የተሰሙበት ቀን ነው። አንድ ረቂቅ ሕግ ማክሰኞ ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ በአራት እጅ ያልፋል፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያረቅቀዋል፣ የከተማው የሕግ ክፍል ያየዋል፣ ሴንትራል ስታፍ የሚባሉት የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ይመረምሩታል፣ በመጨረሻም ኮሚቴ ተወያይቶበት ያሻሽለዋል። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ አንድ ቁጥር፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቃል ማስቀየር ያን ያህል ከባድ አይደለም። ማክሰኞ ላይ ግን ያው የአባቶች ተረት ይሆናል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የስብሰባው ተራ ሥራ ነው፤ ማንም ልብ የማይለው፣ በፍጥነት የሚነበበው፣ አሰልቺ የሚመስለው ክፍል። ከተማዋ የምትተዳደረው በእሱ ነው።

የሲያትል ምክር ቤት 9 አባላት አሉት። ሰባቱ ከሰባት ወረዳዎች፣ ሁለቱ ደግሞ (8ኛውና 9ኛው መቀመጫ) ከመላው ከተማ ይመረጣሉ። በወረዳ መመረጥ የተጀመረው በ2015 ነው (እዚህ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ሬይነር ቢች በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው እንግዲህ አንድ ተጠሪ ብቻ የለውም፤ የ2ኛው ወረዳ ተመራጭና ሁለቱ ከተማ አቀፍ ተመራጮች ሲደመሩ ሦስት ናቸው። ደብዳቤውን ለሦስቱም መጻፍ ይችላል፤ ብዙ ሰው ግን ሁለቱን ይረሳቸዋል። ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው በ5 ነው። ሕግ ለማጽደቅም ከጠቅላላው አባላት ግማሽ በላይ፣ ማለትም 5 የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል፤ የሚቆጠረው በአዳራሹ ከተገኙት አይደለም። አምስት ሰው ብቻ በተገኘበት ቀን አንዱ ቢቃወም ሕጉ ወደቀ ማለት ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ጊዜ የሚበዛው አባል የደገፈው ነገር «ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፍ» የሚባለው፤ የጎደለው ሰው እስኪመጣ ነው የሚጠብቁት።

ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ሊያሳስተው ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ከንቲባውን የሚመርጠው 138 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት ነው። ሲያትል ላይ ከንቲባውን ሕዝቡ ለብቻው ይመርጣል፤ ከንቲባው በማክሰኞው ስብሰባ አይቀመጥም፣ ድምፅም የለውም። አቤቱታውን ለከንቲባው ቢሮ ያስገባ ሰው ለምክር ቤቱ ያስገባ ይመስለዋል፤ ሁለቱ የተለያዩ በሮች ናቸው፣ አንዳንዴም ይጣላሉ።

አጀንዳው ከላይ ወደ ታች

ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት የግልጽ ስብሰባ ሕግ የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ ያዛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ 72 ሰዓት ነው፤ እዚያ አጀንዳው ላይ በሌለ ጉዳይ ላይ መወሰን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ክልክል ነው። ዋሽንግተን ላይ በመደበኛ ስብሰባ ቀን አጀንዳው ላይ መጨመር ይቻላል። ሰኞ ማታ አንብቦ «የእኛ ጉዳይ የለበትም» ብሎ የተኛ ሰው ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ማየት አለበት።

ስብሰባው የሚጀምረው ጸሐፊዋ ወይም ጸሐፊው ስም በመጥራት ነው። ቀጥሎ የክብር መግለጫዎች ካሉ ይነበባሉ። የማኅበረሰቦች ቀን፣ የመታሰቢያ ወር፣ ጡረታ ለወጣ ሠራተኛ ምስጋና በዚህ ሰዓት ነው። የሚነሣው ፎቶ ደስ ይላል፤ ወረቀቱ ግን ሕግ አይደለም፣ አንድ ዶላር በጀትም ይዞ አይመጣም። የማኅበር መሪዎች ዓመት ሙሉ ለክብር መግለጫ ደክመው በጀቱ ሲያልፍ ካላዩ፣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው ከዚህ በኋላ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ከእሱ የሚቀጥለው ግን በሙሉው አጀንዳ ውስጥ ለእኛ ከሁሉም የሚጠቅመው መስመር ይመስለናል። ኢንትሮዳክሽን ኤንድ ሪፈራል ካለንደር ይባላል፤ አዲስ የገቡ ረቂቆች ዝርዝርና የተመሩበት ኮሚቴ ነው። የሚጸድቀው በጥቂት ሰከንዶች ነው፤ ተቃውሞ ካለ ይጠየቃል፣ ከሌለ ያልፋል። በእሱ ላይ የሚከራከር አባል እምብዛም የለም። የጥሩምባው ድምፅ ግን ይህ ነው። አንድ ረቂቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ይዞ በይፋ የሚታየው እዚህ ነው፤ ከዚህ ቀን እስከ መጨረሻው ድምፅ ያለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ የጥቂት ሳምንታት ዕድሜ፣ የእኛ የሥራ ጊዜ ነው።

ዝርዝሩን ለማንበብ ምልክቶቹን ማወቅ ይበቃል። ካውንስል ቢል ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ይይዛል፤ ሲጸድቅ ሕግ የሚሆነው እሱ ነው። ሪዞሉሽን ባለ 5 አኃዝ ነው፤ የምክር ቤቱን አቋም ወይም ዕቅድ ይገልጻል እንጂ ማንንም አይቀጣም፣ ገንዘብም አይመድብም። ሹመት የራሱ ቁጥር አለው። ካውንስል ቢሉ ሲጸድቅ ደግሞ ሌላ፣ የኦርዲናንስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በመንገድ ላይ ሁለቱን ቁጥር የሚያምታታ ብዙ ነው። ከጸደቀ በኋላ የከተማው ጸሐፊ ቢሮ መዝገብ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

ርዕሱ ሁሌም ረዥም ነው። «ከታክሲና ከኪራይ ተሽከርካሪ ፈቃድ ጋር የተያያዘ፣ የሲያትል ማዘጋጃ ቤት ሕግ ክፍል ይህንንና ያንን የሚያሻሽል» የሚል ዓይነት ነው። ሰው እዚህ ይሰለቻል፤ መሰልቸት የሌለበትም እዚህ ነው። ርዕሱ የጠራቸው የክፍል ቁጥሮች የትኛው ነባር ሕግ እንደሚነካ ይናገራሉ። ረቂቁ ውስጥ ሲገቡ አዲስ የሚጨመረው ቃል ከሥሩ ይሰመርበታል፤ የሚወጣው ቃል በድርብ ቅንፍ ውስጥ ገብቶ መሐሉ ላይ ይሰረዛል። ሃምሳ ገጽ ረቂቅ ማንበብ አያስፈልግም፤ የተሰመረበትንና የተሰረዘውን ብቻ ማየት ይበቃል። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው እንኳ አንድ ቁጥር ተሰርዞ ሌላ ሲተካ ያውቀዋል።

በጅምላ የሚያልፈው

ቀጥሎ የሚመጣው ኮንሰንት ካለንደር ነው፤ ክርክር አያስፈልጋቸውም የተባሉ ጉዳዮች ተጠቅልለው በአንድ ድምፅ የሚጸድቁበት። ሦስት ነገር ዘወትር አይጠፋም። ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አለ። የሳምንቱን ሒሳብ ለመክፈል የሚወጣ ሕግ አለ፤ ከተማዋ ለኮንትራክተር፣ ለአቅራቢ፣ ለካሳ የምትከፍለው ሁሉ በየሳምንቱ ኦርዲናንስ ሆኖ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሹመቶች አሉ።

ሹመቶቹ ላይ ትንሽ እንቁም። ከተማዋ በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ቦርዶችና ኮሚሽኖች አሏት፤ የስደተኞች ኮሚሽን፣ የፖሊስ ጉዳይ ኮሚሽን፣ የፓርክ፣ የመኖሪያ ቤት፣ የትራንስፖርት አማካሪ ቦርዶች። አባላቱ ከሕዝብ የሚወጡ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ሰው ማመልከቻ ያስገባል፣ ከንቲባው ወይም ምክር ቤቱ ይሰይመዋል፣ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ለጥቂት ደቂቃ ይጠየቃል፣ ከዚያ በኮንሰንት ካለንደር ላይ ከሌሎች ጋር ታሽጎ ያልፋል። ፉክክሩ እንደሚታሰበው የጠነከረ አይደለም፤ ባዶ የሚቆይ ወንበር አለ። አንድ ማኅበር በየማክሰኞው ሃያ ሰው ከሚያሰልፍ፣ ሁለት ሰው በሁለት ኮሚሽን ላይ ቢያስቀምጥ ረቂቁ ገና መሥሪያ ቤት ውስጥ ሳለ የሚያይ ዓይን ይኖረዋል።

ከጅምላው ውስጥ አንዱን ጉዳይ ነጥሎ ለማውጣት ድምፅ አያስፈልግም፤ አንድ አባል ከጠየቀ ይወጣል፣ በኋላም ለብቻው ክርክርና ድምፅ ይደረግበታል። ጥያቄው ግን ካለንደሩ ከመጽደቁ በፊት መምጣት አለበት። ስለዚህ ለአባሉ ረዳት ከስብሰባው በፊት መደወል ያስፈልጋል። ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ ከመቀመጫ ተነሥቶ እጅ ማውጣት ሰሚ አያገኝም።

ኮሚቴው ውስጥ

የኮሚቴ ስብሰባ ጠዋት ላይ ሊውል ይችላል፤ አዳራሹ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፣ ካሜራ ብቻ ይመለከታል። የሕጉ መልክ የሚወሰነው እዚህ ነው። በተለመደው አካሄድ አንድ ረቂቅ ሁለት ጊዜ ይቀርባል፤ መጀመሪያ ለማብራሪያና ለውይይት፣ ቀጥሎ ለማሻሻያና ለድምፅ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ውድ ነው።

ከረቂቁ ጋር የሚያያዙ ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው ሰመሪ ኤንድ ፊስካል ኖት ይባላል፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሞላው ሲሆን ሕጉ ምን እንደሚያደርግ፣ ስንት እንደሚያስወጣ፣ የትኛውን የኅብረተሰብ ክፍል እንደሚነካ ይናገራል። ሁለተኛው የሴንትራል ስታፍ ማስታወሻ ነው፤ ገለልተኛ ባለሙያዎች የሚጽፉት፣ ሊነሡ የሚችሉ ጥያቄዎችንና አማራጮችን የሚዘረዝር። ይህንን ሁለተኛውን ያላነበበ ሰው የአባላቱን ክርክር ለመከታተል ይቸገራል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ከማስታወሻው አንሥተው ነውና። መሥሪያ ቤቱ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ «በአነስተኛ ነጋዴ ላይ የሚያደርሰው ጫና የለም» ብሎ ጽፎ፣ እውነታው ሌላ ከሆነ፣ የሚነሣው ነጥብ ይህ ነው፤ ገጹን ጠቅሶ፣ በቁጥር።

ለአባሉ የሚቀርበው ወረቀት ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የረቂቁ ቁጥር፣ የክፍሉ ቁጥር፣ አሁን ያለው ቃል፣ መሆን ያለበት ቃል፣ ምክንያቱ በሦስት መስመር፣ ስንት ሰው ወይም ስንት ሱቅ እንደሚነካ። ከዚህ የጎደለ ደብዳቤ «ስሜቱን ተረድተናል» የሚል መልስ ያመጣል፤ ቃሉን ራሱ ጽፎ ያመጣ ግን ለሠራተኞቹ ሥራ አቅልሏል። ማሻሻያ የሚያቀርበው አባል እንጂ ሕዝብ አይደለም፤ ጽሑፉንም ሴንትራል ስታፍ በሕግ ቋንቋ ያዘጋጀዋል። ለዚህ ቀናት ያስፈልጋሉ። ማክሰኞ ላይ ዘግይቶ የመጣ ማሻሻያ ደንቡ እንዲታገድለት ድምፅ ይጠይቃል፤ ወዳጅ የሆነ አባል እንኳ በዚያ ሰዓት ሊያፍር ይችላል።

የአባላቱን ረዳቶች መናቅ ብዙ ጥያቄ ያበላሻል። የእኛ ሰው «ራሷን ካላገኘኋት» ይላል፤ በአገር ልማድ ትልቁን ሰው ማየት ክብር ነው። እዚህ ግን ፋይሉን የያዘው፣ ለአባሏ አጭር ማስታወሻ የሚጽፈው፣ ማሻሻያውን የሚከታተለው ረዳቷ ነው። ከእሱ ጋር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ከእሷ ጋር አምስት ደቂቃ ቆሞ ከማውራት ይበልጣል።

ሁለቱ ደቂቃዎች

እንዲህም ሆኖ የማክሰኞው አስተያየት ከንቱ አይደለም። የስብሰባ ሕጉ ከ2022 ጀምሮ የመጨረሻ ውሳኔ በሚሰጥበት መደበኛ ስብሰባ ላይ ወይም ከዚያ በፊት የሕዝብ አስተያየት እንዲሰማ ግዴታ አድርጓል። ሥራው ግን አባላቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሳመን ሳይሆን፣ በኮሚቴ ቃል የገባው አባል ቃሉን ይዞ እንዲቆም ማገዝ ነው።

በስልክ ለመናገር የሚፈልግ በኢንተርኔት ይመዘገባል፤ ምዝገባው የሚከፈተው ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። የሚደውለው በተመዘገበበት ስልክ ቁጥር መሆን አለበት፤ በልጁ ስልክ ተመዝግቦ በራሱ የደወለ ሰው ዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ስሙ ሲጠራ ድምፁን ለመክፈት ኮከብና 6 ይጫናል። በዚህ በአንዱ ብቻ ተራው ያለፈበት ሰው ብዙ ነው፤ ዝም ካለ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። በአካል የሚመጣው አዳራሹ ውስጥ ይመዘገባል።

ጊዜው እስከ 2 ደቂቃ ነው፤ ሰው ከበዛ ሰብሳቢዋ ወደ 1 ደቂቃ ታወርደዋለች። ሊያልቅ 10 ሰከንድ ሲቀር ደወል ይሰማል። ሒሳቡን እናስበው፤ 60 ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢናገር ሁለት ሰዓት ነው። ስልሳ ሰው ይዞ የመጣ ማኅበር በራሱ ብዛት የራሱን ጊዜ በግማሽ ያስቀንሳል። ስድስት ሰው ተናግሮ ሃምሳ አራቱ ሲጠሩ ቢቆሙ ይሻላል። ስድስቱም አንድ ነገር ባይደግሙ፤ አንዱ ስለ ዋጋ፣ አንዱ ስለ ቀኑ፣ አንዱ ስለ ፈቃዱ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የረቂቁ ቁጥርና «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ይሁን። በእኛ ባህል ሰላምታው፣ ምስጋናው፣ መንደርደሪያው ብቻ አንድ ደቂቃ ይበላል፤ ደወሉ የሚሰማው ነገሩ ሊጀመር ሲል ነው። ርዕሱም ይጠበቃል፤ አስተያየቱ ከዕለቱ አጀንዳ፣ ከአዲስ ረቂቆች ዝርዝር ወይም ከምክር ቤቱ የሥራ ዕቅድ ጋር መያያዝ አለበት።

አማርኛ ሲያትል ትርጉም ቅድሚያ ከምትሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ ግን አዳራሹ ውስጥ ቆሞ አይጠብቅም፤ ከቀናት በፊት መጠየቅ አለበት። ሲጠየቅ፣ ለሚተረጎም ንግግር ስንት ደቂቃ እንደሚሰጥም አብሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኦክላንድ ወይም ሳን ሆዜ ለሚኖር ወገን፣ የግዛቱ ሕግ በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው፣ ትርጉሙ በአንድ ጊዜ የሚሰማበት መሣሪያ ከሌለ፣ እጥፍ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል። ይህን መብት ያለ ጥያቄ የሚያስታውስ ሰብሳቢ ሁሌ አይገኝም።

ድምፅ ከተሰጠ በኋላ

ሕግ ሲሆን ጸሐፊው ስም እየጠራ አንድ በአንድ ድምፅ ይቀበላል፤ የማን ድምፅ ምን እንደሆነ በመዝገብ ይቀራል። ከዚያ ወደ ከንቲባው ይሄዳል። ከንቲባው 10 ቀን አለው፤ ይፈርማል፣ ሳይፈርም ይመልሰዋል፣ ወይም ይሽረዋል። የተሻረውን ለመመለስ 6 ድምፅ ያስፈልጋል። ሥራ ላይ የሚውለው በተለመደው ሁኔታ ከ30 ቀን በኋላ ነው። አስቸኳይ ተብሎ ወዲያው እንዲጸና ከተፈለገ ከ9ኙ 7ቱ መደገፍ አለባቸው፣ የከንቲባውም ፈቃድ ያስፈልጋል።

30 ቀኑ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ሕዝቡ ሕጉን በፊርማ ወደ ሕዝበ ውሳኔ የሚወስድበት መስኮት ነው፤ በቀዳሚው የከንቲባ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ 8 በመቶ የሚያህል ፊርማ ይጠይቃል። ይህን መስኮት ከማንም በላይ የሚያስታውሱት የሲያትል ታክሲ ነጂዎች ናቸው፤ ከመካከላቸውም ኢትዮጵያውያንና ሌሎች ምሥራቅ አፍሪካውያን ብዙዎች ነበሩ፣ ናቸውም። በመጋቢት 2014 ምክር ቤቱ እንደ ኡበርና ሊፍት ያሉት የስልክ መተግበሪያ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ ከ150 በላይ ሹፌር እንዳያሠማሩ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የታክሲው ወገን አሸነፍኩ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። በኩባንያዎቹ የሚደገፈው ቡድን ግን በዚያው ወር ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ፤ ይፈለግ የነበረው ወደ 16,500 ሲሆን ያስገቡት ከእጥፉ በላይ ነበር። ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል ታገደ። ከንቲባው ሁለቱን ወገን አደራድረው በሐምሌ አዲስ ሕግ ወጣ፤ የ150ው ገደብ የለም፣ በምትኩ ለታክሲ ተጨማሪ ፈቃዶችና ፈቃዱ እንደ ንብረት የሚቆጠርበት መብት ተሰጠ። ማክሰኞ (በዚያን ዘመን ሰኞ ነበር) የተገኘ ድል ከ30 ቀን በፊት ድል አይባልም።

በታኅሣሥ 2015 ደግሞ ምክር ቤቱ የመተግበሪያ ሹፌሮች በጋራ እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ ያለ ተቃውሞ አጸደቀ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ከንቲባው አልፈረሙበትም፣ አልሻሩትምም፤ ሳይፈርሙ መለሱት፣ ሕግም ሆነ። ያለ ፊርማ መመለስ ሕጉን አያዳክመውም፤ ግን ከሚያስፈጽመው ወገን የመጣ የማመንታት ምልክት ነው፣ ከዚያ በኋላ አፈጻጸሙን በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ያስፈልጋል። ያ ሕግ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተንከራተተ። በ2022 የግዛቱ ምክር ቤት ስለ መተግበሪያ ሹፌሮች የራሱን ሕግ ሲያወጣ አብዛኛው ሥልጣን ከከተማ ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ኦሎምፒያ ሄደ።

ዛሬም ስለ ኡበር ክፍያ ለመናገር ማክሰኞ ሲቲ ሆል የሚመጣ ሹፌር እንግዲህ የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ታክሲ የሲያትል ወደብ ጉዳይ ነው፤ 5 ኮሚሽነሮች አሉት። አውቶቡስ የኪንግ ካውንቲ ነው። ትምህርት ቤት የራሱ ቦርድ አለው። መብራት፣ ውኃ፣ ቆሻሻ፣ መንገድ፣ የሱቅ ፈቃድ፣ የግንባታ ሕግ፣ ፖሊስ የከተማው ናቸው። አድራሻውም ይጣራ። ሬንተን፣ ኬንት፣ ታክዊላና ሲታክ ሰባት ሰባት አባላት ያሏቸው የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው፤ ስካይዌይ ደግሞ ከተማ ውስጥ ያለ ቢመስልም በየትኛውም ከተማ ያልተካተተ ስለሆነ የሚሰማው የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ነው። በሌላው ዳርቻ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት ወገኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አይደለችም፣ ጉዳዩ የሚያልቀው ሮክቪል ባለው 11 አባላት ያሉት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ነው።

አባሉ ዝም ሲል

አንዳንዴ አባሉ «በዚህ ጉዳይ ላነጋግርህ አልችልም» ይላል። ይህ ሽሽት ላይሆን ይችላል። የአንድ ቦታ የግንባታ ምድብ (ምን ዓይነት ሕንጻ እንደሚፈቀድበት) በባለቤቱ ጥያቄ ሲቀየር ምክር ቤቱ እንደ ዳኛ ነው የሚቀመጠው፤ መዝገቡ የተዘጋጀው በከተማው የጉዳይ ሰሚ ዳኛ ፊት ነው፣ ከመዝገቡ ውጭ በስልክ የሰማ አባል ውሳኔውን ያስፈርሳል። አስተያየት የሚሰጠው ጉዳይ ሰሚው ፊት፣ በቀጠሮው ቀን ነበር። ሰፈሩ ውስጥ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲተከል ማንበብ ለዚህ ነው።

በዝግ የሚደረግ ስብሰባም አለ፤ ስለ ክስ፣ ስለሚገዛ መሬት ዋጋ፣ ስለ ሠራተኛ ጉዳይ። ሰብሳቢው ምክንያቱንና የሚያበቃበትን ሰዓት አስቀድሞ መናገር አለበት፣ የመጨረሻ ውሳኔም በዝግ አይሰጥም። አምስት አባላት በኢሜይል እየተቀባበሉ አንድ አቋም ላይ ቢደርሱ እሱም ሕገ ወጥ ስብሰባ ነው፤ እያወቀ የጣሰ አባል ለመጀመሪያ ጊዜ 500 ዶላር ይቀጣል። ለእኛ ያለው ትርጉም ቀላል ነው፤ ለአንዱ አባል «ለሌሎቹ ንገራቸው» ማለት እሱን ችግር ላይ መጣል ሊሆን ስለሚችል፣ ለዘጠኙም ራሳችን እንጻፍ።

በጀት

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የሚከብደው በጀቱ ነው። ከንቲባው ረቂቁን በመስከረም መጨረሻ ያቀርባል። ከዚያ እስከ ኅዳር ሌሎቹ ኮሚቴዎች ሥራቸውን ያቆሙና ዘጠኙም በአንድ የበጀት ኮሚቴ ይቀመጣሉ። በግዛቱ ሕግ መሠረት ዓመቱ ከመጀመሩ 30 ቀን በፊት መጽደቅ አለበት፤ በተግባር ከታንክስጊቪንግ በፊት ያልቃል። የ2025 በጀት ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛው መብራትና ውኃ የመሳሰሉት በራሳቸው ገቢ የሚንቀሳቀሱበትና ለተወሰነ ሥራ የታሰረ ነው። ምክር ቤቱ በእውነት ሊያዘዋውረው የሚችለው ጠቅላላ ፈንድ ወደ 2 ቢሊዮን ይጠጋል፤ ከዚያም ውስጥ ፖሊስና እሳት አደጋ ትልቁን ድርሻ ይወስዳሉ።

ስለዚህ «ለአረጋውያን ማዕከላችን 200 ሺህ ዶላር ይጨመር» የሚል ጥያቄ ወዲያው ሁለተኛ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ከየት ተቀንሶ? መልሱን ያልያዘ ማመልከቻ በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ይሞታል። መልሱን የያዘ፣ ደጋፊ አባል ያለው፣ በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ ስሙ የሚታወቅ ማመልከቻ ዕድል አለው። በጥንድ ዓመት የሚጸድቀው በጀት የሚቀጥለውንም ዓመት ስለሚያቅድ በዚያ ዓመት የገባ ጥያቄ ሁለት ዓመት ይሸከማል፤ በጎዶሎው ዓመት የሚደረገው በአብዛኛው ማስተካከያ ነው። ከንቲባው በመስከረም የሚያወጣውን ሰነድ ደግሞ መሥሪያ ቤቶቹ የሚሠሩት በፀደይና በበጋ ነው። የማኅበሩ ደብዳቤ የመኖሪያ ቤት ቢሮው ወይም የሰብዓዊ አገልግሎት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ መገኘት ያለበት በሚያዝያ ነው፤ ምክር ቤቱ ገና ስለ በጀት አንድ ቃል ሳይናገር።